የእኔ ሆድ፣ የእሷ ትንፋሽ

ይድረስ ለልጄ ባለቤት፣ ለፌንጣዬ እናት

ልጄ፣ የዚህ ሽማግሌ ሰላምታ ደጃፍሽ ላይ ቆሟል። ካሻሽ አስገቢው፣ ካላሻሽም እዚያው ይቁም። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ? ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመሽ ስትውዪ እንደሚያምሽ ልጄ ነግሮኛል። ወንበር አስገብተሽ ተቀመጪ እንጂ፤ መምህርት ተቀመጠች ብሎ የሚንቅሽ የለም። የልጄ ሳልስ ለቀቀው? ስለ ልጅሽ፣ ስለዚያች ዘላይ ፌንጣዬ ለመጠየቅ አፍ የለኝም፤ ግን እጄ ቀድሞኝ ጽፏታልና አልሰርዛትም።

እኔ ደህና ነኝ። የሚያፈሰውን ጣሪያ ደፍኛለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይነጫነጫል እንጂ ሌላው አካሌ ገና ያዘዝኩትን ይሰራል። ይህን የምልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ብለው ስላስተማሩን ነው።

ጽሑፌ ጠማማ ቢሆን አትሳቂ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ፣ ማታ ማታ፣ ጣቶቼ ላይ ሲሚንቶ እንደ ደረቀ ነው። ልጄ "አባባ፣ እኔ ልጻፍልህ" ብሎኝ ነበር፣ እምቢ አልኩት። የምነግርሽን ነገር በልጄ እጅ ማስጻፍ አልችልም። ለምን እንዳልቻልኩ አሁን ይገባሻል።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያልሽኝን አልረሳሁም። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ "ሆዷ ነው፤ ስላልተስማማት ነው፤ ቀስ እያለ ይለምዳል" ስል፣ አንቺ ዞር ብለሽ "አለርጂና አለመስማማት አንድ አይደሉም። ልዩነቱን በራስህ አፍ እስክትነግረኝ ድረስ ቤቴ ድርሽ እንዳትል፤ ልጄንም አታያትም" አልሽኝ። ሙሽራ ሆነሽ ከመጣሽበት ቀን ጀምሮ "እርስዎ" ስትዪኝ ኖረሽ፣ በዚያን ቀን "አንተ" አልሽኝ። ያኔ ከነገሩ ሁሉ የቆረጠኝ እሱ ነበር። ልጅቷ ውስጥ አፍንጫዋ ላይ ጭምብል ተደርጎላት ተኝታለች፣ እኔ "አንተ ተባልኩ" ብዬ ቂም እቋጥራለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

እና ይኸው፣ ፈተናውን ልመልስ ነው የተነሳሁት። በአፍህ ብለሽ ነበር፤ ግን አፌ አንቺ ፊት ሲደርስ እንደሚዋሽ ሁለታችንም አይተነዋል፤ በእጄ ይሻላል።

ዝም ብዬ ሰንብቼ አሁን ያስነሳኝ ልጄ ነው። ባለፈው እሁድ ዳቦ ገዝቶ መጣ። ተቀመጠ፣ ጣሪያውን አየ፣ "ጥሩ ደፍነኸዋል" አለ። በኋላ "አባባ፣ ልጅቷ እናቷን አስጨነቀቻት። እንደማይሆንልሽ እያወቅሽ ወተቱን ለምን ጠጣሽ ስትላት 'ሚስጥር ነው' ብላ ትዘጋለች። ተቆጣቻት፣ ለመነቻት፣ አልናገርም አለች። እኔን ደግሞ ጆሮዬ ላይ ተለጥፋ 'የአያያ ሆድ ተሻለው ወይ?' ትለኛለች። የምን ሆድ ነው እሱ?" አለኝ። "እኔ ምን አውቄ፣ የልጅ ነገር" አልኩት። እሱም አላፋጠጠኝም። ከወጣ በኋላ ዳቦው ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ያቺን የምታክል ልጅ ቁጣውን ሁሉ ችላ አፏን ይዛለች፣ እኔ ይህን የማክል ሰውዬ ከኋላዋ ተደብቄያለሁ።

ሚስጥሩ የኔ ነው ልጄ። እኔም ወተት አይስማማኝም።

ይህቺን መስመር ለመጻፍ ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ። አማት ለምራቱ የሚነግረው ነገር አይደለም፤ ግን ካልነገርኩሽ ሌላው አይገባሽም። ወተት ከጠጣሁ ሆዴ ይነፋል። ያጉረመርማል፤ እንግዳ ካለ ወንበር እጎትታለሁ፣ እንዳይሰማ። ከዚያ ሽንት ቤት መድረስና አለመድረሴ የዕድል ነው። አንድ ቀን ሳልደርስ ቀርቼ ሱሪዬን ራሴ አጥቤ አሰጣሁት። ጎረቤቴ በአጥር ተንጠራርታ "ዛሬ ደግሞ አጣቢ ሆኑ?" ብትለኝ "ቀለም ፈሶብኝ ነው" አልኳት። ግንበኛ መሆን ለውሸት ይመቻል፤ ሁሌ የሚፈስብሽ ነገር አለ።

ወላጆችሽ ሊያዩን የመጡበትን ቀን ታስታውሻለሽ። እናትሽ በእጇ የሰራችውን ክሬም የበዛበት ኬክ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ጨርሼ በላሁት። አባትሽ ስለ መሬታቸው እያወሩኝ ሳለ ብድግ ብዬ ወጣሁ፣ አልተመለስኩምም። አንቺ "ቤተሰቤን ንቀው ነው" ብለሽ ስታለቅሺ አደርሽ ተባለ። አማትሽ ነፍሷን ይማርና "ሲሚንቶ የጫነ መኪና መጥቶበት ነው" ብላ ሸፈነችልኝ። እኔም አላስተባበልኩም። ትዕቢተኛ ይበሉኝ፣ ግድየለም አልኩ። ከሌላው ስም እሱ ይሻለኝ ነበር።

አማትሽ ራሷ ወተት ቤቷ አታስገባም ነበር። "ሽታው ያንገሸግሸኛል" ትላለች። ስለዚህ ከዚያ ኬክ በቀር ቤቴ ውስጥ አሞኝ አያውቅም። "የኔ ሆድ ድንጋይ ይፈጫል" እያልኩ ስፎክር እንደ ኖርኩ እሷ ሞተች። ከዚያ አንቺ ለአጥንቴ አዝነሽ "አባባ ይጠንክሩ" ብለሽ ወተት ሻጩ በየጠዋቱ ጠርሙስ ደጃፌ ላይ እንዲያስቀምጥ አደረግሽ። "አይስማማኝም" ማለት አንድ ቃል ነበር። አላልኩም። ጠጣሁ፣ ታመምኩ። ከዚያም ብሶ፣ "ምራቴ የምትልከው ሾርባ ሆዴን እየበጠበጠኝ ነው" ብዬ ለዘመድ አማሁሽ። ሾርባሽ ምንም አልነበረበትም። ይህንንም እዚሁ ላይ ይቅር በዪኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሲሚንቶ እጅ ይበላል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን መዳፌ ተሰንጥቆ ማንኪያ መያዝ አቅቶኝ ነበር፤ ዋና ግንበኛው "ጓንት ታጠልቅና ዕድሜ ልክህን የሴት እጅ ይዘህ ትቀራለህ፤ ተወው ይልመድ" አለኝ። ለመደ። ከሥሬ ያለፈውን ሠራተኛ ሁሉ ያሰለጠንኩት በዚሁ ነው። ታዲያ ሆዴንም እንደዚሁ አሰለጥነዋለሁ አልኩ። መጀመሪያ አንድ ጉንጭ፤ ሲያስቸግረኝ አርፌ፣ ደግሞ አንድ ጉንጭ። ቀስ በቀስ ግማሽ ብርጭቆ ጠጥቼ ማጉረምረም ብቻ ሆነ። ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሆዴን ቀጣሁት ብዬ ኮራሁ። ይኸው ነው ሰይጣኑ፤ ሠራልኝ።

አንቺ ደግሞ ፌንጣን በየቅዳሜው ስታመጪልኝ "አባባ፣ ወተቱን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያድርጉት፤ ሳይነኳት በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ የራሷን ኩባያ አምጥቻለሁ" ትዪኛለሽ። ወተት ቢነካት የምትወጋበትን ያቺን እንደ ወፍራም እስክሪብቶ ያለች መርፌም አሳይተሽኛል። እኔ "እሺ፣ እሺ" እልሻለሁ፣ ጆሮዬ ግን እጄን ቆሻሻ ነህ እንዳልሽው ነበር የሰማው። ደግሞ በልቤ "የኔው በሽታ ነው፤ ከኔ ወርሳው ነው፤ እኔ ሳልጮህ ችዬዋለሁ፣ ይቺ መምህርት በማሰሪያ ታሳድጋታለች" እል ነበር። አንድ ዓይነት ነገር መሰለኝ። ያው ወተት ነው፤ እሷንም ያማል፣ እኔንም ያማል።

የዚያን ቅዳሜ አንቺ ፈተና ልታርሚ ትምህርት ቤት ሄደሻል፣ ልጄ መኪናውን ይዞ ወጥቷል። ፌንጣ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥላ ሳለች ግማሽ ብርጭቆዬን ስጠጣ አየችኝ። "እኔ እሱን አልችልም፣ እማ ትሞቻለሽ ብላለች" አለችኝ። ያኔ ነው እስከዚያች ሰዓት ለማንም ያልነገርኩትን ለእሷ የነገርኳት። "እኔም እንዳንቺ ነኝ፤ አሁን ግን አየሽ፣ ለመድኩት፤ ለማንም እንዳትነግሪ" አልኳት። ፊቷን ብታዪው። "አንተም እንደኔ ነህ?" አለችኝ። ከመስኮቱ ዘላ ወርዳ ጉልበቴ ላይ ወጣች። በቤቱም በትምህርት ቤቱም ኬክ ሲቆረስ ለብቻዋ የምትቀመጥ እሷ ናት፤ አሁን ጓደኛ አገኘች። አላስገደድኳትም ልጄ። ምነው ባስገደድኳትና እምቢ ባለችኝ። በሻይ ማንኪያ ቀድቼ ሳሳያት ራሷ አፏን ከፈተች።

ትንሽ ቆይቶ አንገቷን ታክ ጀመር። ከንፈሯ አበጠ፣ ሰውነቷ ላይ ቀያይ ሽፍታ ወጣ። አስመለሳት። እኔ ምን አደረግኩ? ለኔ ሆድ የማደርገውን አደረግኩ። ሆዷን አሸሁላት፣ ሙቅ ውኃ ሰጠኋት፣ "ተነሺ ትንሽ እንራመድ፣ ይወጣልሻል" ብዬ እጇን ይዤ ግቢው ውስጥ አዞርኳት። የኔ እንደዚያ ሲሆን ነው የሚያልፈው። ድምጿ ሻክሮ ትንፋሿ ሲር ሲር ማለት ሲጀምርም "አልቅሳ ነው" አልኩ። ቦርሳዋ ከነመርፌው በሩ ላይ ተሰቅሏል። ሁለቴ በአጠገቡ አለፍን።

አንቺ እርማቱ ቶሎ አልቆልሽ ባትመጪ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር፤ እኔም የምጽፍ ሰው አልሆንም ነበር። ገና በሩ ላይ አይተሻት መርፌውን ከቦርሳው መንጭቀሽ በልብሷ ላይ ጭኗን ስትወጊያት፣ "ምን በላች?" አልሽኝ። "ምንም" አልኩሽ። ማንኪያው በእጄ ነበር። አንገትጌዋ ላይ ወተቱ ነበር። እንዳየሽ አውቃለሁ፣ ግን አንቺ ራስሽ ሳታይው ብትቀሪ ኖሮ ለሐኪሙም "ምንም" እንደምል አውቃለሁ። መስጠቱ አለማወቅ ነው ቢሉኝ እሺ። "ምንም" ያልኩት ግን አውቄ ነው።

ከእሁዱ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ወጣት ናት፣ ፈገግ ማለት የማትወድ። "አንድ ጓደኛዬ ወተት ሲጠጣ ያመዋል" አልኳት። "ጓደኛዎን ምን ያደርገዋል?" አለችኝ። ነገርኳት። "ጓደኛዎ ሱሪ ያበላሻል?" አለች። "አንዳንዴ" አልኩ። "ጓደኛዎ እጁ እንደ እርስዎ በሲሚንቶ የደረቀ ነው?" ስትለኝ ተራ የሚጠብቁት ሳቁ፣ እኔም በሩን ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ "በሉ አባቴ፣ ስለ ራስዎ ይንገሩኝ" አለችኝ። የልጅቷንም ነገርኳት። ሳትቆጣኝ ነው ያስረዳችኝ፤ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልሽ። እንደገባኝ በግንበኛ አፍ እጽፈዋለሁ፣ ስሕተት ካለው በቀይ አርሚው።

የኔ ሆድ አንድ የቀን ሠራተኛ የቀረበት ግንባታ ነው። አሸዋ የሚነፋው ሰው የለም። የወተቱን ስኳር የሚያደቅቀው ነገር ከሆዴ ጎድሏል፤ ስለዚህ ሳይደቅ ይወርድና እታች ይፈላል፣ ይነፋል፣ ይፈሳል። ልስኑ ይበላሻል እንጂ ግድግዳው አይወድቅም። አሸዋው ጥቂት ከሆነ የቀሩት ሠራተኞች እንደምንም ይወጡታል፤ ለዚህ ነው ግማሽ ብርጭቆው የሠራልኝ። ያሳፍራል፣ አይገድልም። አለመስማማት ማለት ይህ ነው።

የፌንጣ ግን ጭራሽ የሆድ አይደለም። የሷ የዘበኛ ነው። ሰውነቷን ከበሽታ የሚጠብቀው ዘበኛ ወተቱን ሌባ ነው ብሎ ይዞታል። ወተቱ ብቅ ባለ ቁጥር ሌባውን እመታለሁ ብሎ ቤቱን ራሱን ይመታል፤ ቆዳውን፣ ጉሮሮውን፣ ትንፋሹን። ሌባው ትልቅ ይሁን ትንሽ ዘበኛው አይመርጥም። በደንብ ያልታጠበ ማንኪያ ይበቃዋል። ባለፈው ሽፍታ ብቻ ነበር ብሎ መዝናናትም የለም፤ የዛሬው ከባለፈው ጋር ቃል ኪዳን የለውም። በእግር አይወጣም፣ በሙቅ ውኃ አይወርድም። መርፌው ነው፣ ወዲያው ነው፣ ከዚያም ሐኪም ቤት ነው። አለርጂ ማለት ይህ ነው። ወተቱ አንድ ነው፤ የተጠጣበት ቤት ግን አንድ አይደለም።

"ማስለመድ የሚባል ነገር የለም ወይ?" ብዬ ጠይቄያታለሁ፤ አልደብቅሽም። "አንዳንድ ቦታ ልዩ ሐኪሞች በጠብታ እየለኩ፣ መድኃኒቱን አጠገባቸው አድርገው የሚሞክሩት ልጅ አለ" አለችኝ። ይህን ስትል አንገቴ ቀና ብሎ ነበር፤ "እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው" ልል አፌ ላይ ደርሷል። እሷም አይታኝ "አያት በሻይ ማንኪያ ግን አይደለም" አለች። አንገቴ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከዚያ ስወጣ የአማትሽን እህት መንገድ ላይ አገኘኋት። ስለ ወተት ለምን እንዳነሳሁባት እንጃ፣ ሰው ያሰበውን ያወራል። "እህቴማ ወተት ነፍሷ ነበር፤ እኔ ቤት በመጣች ቁጥር ሁለት ብርጭቆ ጠጥታ፣ አፏን ተጉመጥምጣ ነው ወደናንተ የምትመለሰው" አለችኝ። ሻንጣዋን እስከ ታክሲው ይዤላት ሸኘኋትና ተመለስኩ። "ሽታው ያንገሸግሸኛል" የምትለኝ ሴት! የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ወተት ሻጩን እንዲቀር ነግሬዋለሁ። "ምነው?" ሲለኝ "አይስማማኝም" አልኩት። ሰማይ አልተደፋም፤ "አባቴም እንደዚያው ነው" ብሎኝ ሄደ። አሁን በቤቴ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ክሬም ያለበት ብስኩትም የለም። ጥቅሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ደቃቅ ስለሆነ ለዓይኔ አይታይም፤ ያላነበብኩትን አላስገባም።

ነርሷ መርፌውንም አስተምራኛለች። መለማመጃ የሚሆን፣ ውስጡ ባዶ የሆነ አላቸው። መጀመሪያ ገልብጬ ይዤ አውራ ጣቴን መውጊያው ላይ አደረግኩ፣ "አሁን ራስዎን ወጉ" አለችኝ። ቀጥሎ አስተካከልኩ። "ጎሽ" አለችኝ። ደጋግመን አደረግነው። በመጨረሻ ግን፣ እንደው ልጅቷ እንደዚያን ቀን ፊቴ ያለች መስሎ ታየኝና እጄ ተንቀጠቀጠ። ይዤ መቆየት ያለብኝን ያህል ሳልይዘው አነሳሁት። ነርሷ "አይዞዎት፣ ይለምዱታል" አለች። እኔ ግን በዚህ በመልመድ ነገር ከእንግዲህ ወዲያ አልታለልም።

ስለዚህ ልጄ፣ ፈተናውን ካለፍኩ ሽልማቴን ልጠይቅሽ ነው ብለሽ አትስጊ። የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ልዩነቱ ስለገባኝ ነው ይህን የምልሽ፤ ፌንጣን ብቻዋን ከእኔ ጋር አትተያት። ዛሬም፣ አድጋም። ዓይኔ ጽሑፍ አይለይም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አፌ ሲደነግጥ ይዋሻል። አንድ ቀን ልቤ ከጅሎ "ምናልባት" ብልሽ እንኳ እምቢ በዪኝ። ትክክል የነበርሽው አንቺ ነሽ። ከፈቀድሽልኝ ግን አንቺ ባለሽበት፣ አንቺው በያዝሽው ኩባያ፣ እኔ እጄን ታጥቤ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ ስትዘል ልያት። ካልፈቀድሽም አልቀየምም። ቢያንስ ያቺን ሚስጥር ከላይዋ ላይ አንሽላት፤ "አያያ ራሱ ተናግሮታል" በያት። "ሆዱስ?" ካለችሽ ተሽሎታል በያት።

ፈጣሪ ወገብሽን ያጽናልሽ። የምትቆሚበት መሬት አይክዳሽ። የልጄን መንገድ ያቅናለት፣ የልጅሽን ትንፋሽ አንዲትም ሳትጎድል ይቁጠርላት። ዓይንሽ ከዚያ ቅዳሜ የከፋ ነገር አይይ። አሜን።

"የልጅሽ አያት" ብዬ ልፈርም ነበር። ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁ፣ እሱን አንቺ ሙይው። ለጊዜው

የባልሽ አባት